ቆርምድ የአባቴን ባቄላ በላው፤ የዕፅዋት በሽታ ልማር ወይስ ልተወው?

የስናን ልጅ (መስከረም 14፣ ማታ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ምክር ፈልጌ ነው። ረዘም ይላልና ታገሱኝ።

ከስናን ነኝ፣ ከጮቄ ሥር። በዕፅዋት ሳይንስ ከተመረቅሁ ሦስት ዓመቴ ነው። አሁን በአንድ ቀበሌ የሰብል ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። የአባቴ ማሳ ከጣቢያዬ በእግር አንድ ሰዓት ያስኬዳል። ነሐሴ ላይ ባቄላው አበባ ሲጀምር ሄጄ ቅጠሉን ገልብጬ አየሁት። ከላይ ጎድጎድ፣ ከሥሩ እብጥ እብጥ ብሏል። ቆርምድ የሚባለው የባቄላ በሽታ ነው። ሳይቆይ እብጠቱ ቡናማ ሆነ። ቅጠሉ ተኮማትሮ ረገፈ። ከሁለት ጥማድ መሬት የተገኘው ለዘር እንኳ አይበቃም።

አባቴ «አንተ የተማርኸው ይኸን አይደለም እንዴ?» አለኝ። ተቆጥቶ አይደለም። እውነት ማወቅ ፈልጎ ነው። እኔም መመሪያው ላይ ያለውን ነገርሁት። ገለባውን ከማሳ አርቅ፣ ሰብል አፈራርቅ፣ መድኃኒት በጊዜ እርጭ። «ታዲያ የጎረቤቴ ለምን ቀለለለት? እሱም እንደኔው ነው ያረሰው» ሲለኝ ግን ዝም አልሁ። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ማስተርስ መማር አስቤያለሁ፣ በዕፅዋት በሽታ። አገር ውስጥ ይሻላል ወይስ ውጭ ልሞክር? ትምህርቱ ውስጡ ምን ይመስላል? ከገባችሁበት ሰዎች መስማት እፈልጋለሁ።

ደጀን ሜዳ (መስከረም 14፣ ማታ)

ወንድሜ፣ አባትህን እግዚአብሔር ያጽናቸው። እኔ ግን እውነቱን ልንገርህ። ማስተርስ ይዘው ሥራ ያጡ ልጆች አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ደሞዝህ ተቋርጦ፣ ለላብራቶሪ (ላብ) ከኪስህ አውጥተህ፣ ከዚያ ተመልሰህ እዚያው ቀበሌ ነህ። ሦስትና አራት መቶ ብር ለመጨመር ከሆነ አይደክምህም? አስብበት።

ዘንዘልማ (መስከረም 15፣ ጠዋት)

ደጀን ሜዳ ያልኸው ውሸት አይደለም። እኔም አይቼዋለሁ። ግን ልጁ የጠየቀው ስለ ደሞዝ አይደለም። አባቱ የጠየቁት ነገር ነው የያዘው። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ይዞ የሚገባ ሰውና ወረቀት ፈልጎ የሚገባ ሰው አንድ ክፍል ቢቀመጡም አንድ ትምህርት አይማሩም።

እኔ ባሕር ዳር ነው የተማርሁት፣ ዘንዘልማ ግቢ። ርዕሴ የድንች አጠውልግ ነበር። ምን እንደሚመስል ልንገርህ።

የመጀመሪያው ዓመት ኮርስ ነው። ፈንገስ፣ ባክቴሪያ፣ ቫይረስ፣ ኔማቶድ፣ በሽታ በማሳ ውስጥ እንዴት እንደሚስፋፋ፣ ስታትስቲክስ። ስታትስቲክሱን አትናቅ። ብዙ ሰው ቴሲስ (የመመረቂያ ጥናት) ላይ የሚወድቀው እዚያ ነው። ሁለተኛው ዓመት የራስህ ሥራ ነው።

እኔ ክረምቱን በሙሉ ከአዊ እስከ ሰከላ የድንች ማሳ ስዞር ነው ያሳለፍሁት። የጠወለገ ድንች ስታገኝ መጀመሪያ የምታደርገው ቀላል ነገር ነው። ግንዱን ከሥሩ ቆርጠህ ንጹሕ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ታንጠለጥለዋለህ። በሽታው ራልስቶኒያ ከሚባለው ባክቴሪያ ከሆነ ትንሽ ቆይቶ ከተቆረጠው አፍ እንደ ወተት ክር ያለ ነገር ወደ ታች ይወርዳል። ያ ሁሉ ባክቴሪያ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት የአንድ አባት ማሳ ዳር ላይ ነው። ብርጭቆውም የእሳቸው ነበር። «ይኸ ነው እንዴ ሦስት ዓመት ያስለቀሰኝ?» አሉ። ከዚያ ቀን በፊት በሽታው ከዘሩ ጋር ሊመጣ እንደሚችል ብነግራቸውም አላመኑኝም ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን ዘር ከገበያ አልገዙም።

ወደ ላብ ስትገባ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ባክቴሪያውን ቴትራዞልየም የሚባል ቀለም የሚሰጥ ነገር በገባበት ኤጋር (ጄሊ የመሰለ የባክቴሪያ ምግብ) ላይ ታሳድገዋለህ። በሽታ የሚያመጣው ዓይነት ዙሪያው ነጭ፣ መሐሉ ሮዝ ሆኖ ፈሰስ ያለ ቅርጽ ይይዛል። በ28 ዲግሪ ሁለት ቀን ማቆየት ያስፈልጋል። ችግሩ መብራት ነው። ያለሁበት ግቢ አንድ ጊዜ መብራት ለአራት ቀን ጠፋ። የጄኔሬተር ነዳጅ የለም ተባለ። ከስድስት ወረዳ የሰበሰብሁት ናሙና ፍሪጅ ውስጥ ተበላሸ። ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። በዚያ ላይ ለሦስት ወር መንገድ ተዘግቶ ተመልሼ መሰብሰብ አልቻልሁም። አማካሪዬ ባይታገሰኝ ኖሮ አልጨርስም ነበር። ስለዚህ ከምንም በላይ የምመክርህ አማካሪህን አጥንተህ ምረጥ። ርዕሱን ሳይሆን ሰውየውን። ከዚህ በፊት ያስመረቃቸውን ልጆች ፈልገህ አናግር።

የስናን ልጅ (መስከረም 15፣ ከሰዓት)

እህቴ አመሰግናለሁ። የብርጭቆውን ነገር አነበብሁና ለአባቴ በስልክ ነገርሁት። «ለባቄላውስ እንዲህ ያለ ነገር የለም?» አለኝ። አለ እንዴ?

ዋግ ተከታታይ (መስከረም 15፣ ማታ)

የስናን ልጅ፣ የለም። የሌለበት ምክንያት ደግሞ ይህን ትምህርት ለመማር ጥሩ ምክንያት ነው።

የቆርምድ ተሕዋሲ ኤጋር ላይ አያድግም። የሚያድገውና የሚራባው በሕይወት ባለ ተክል ላይ ብቻ ነው። ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ በማይክሮስኮፕ የሚታየውን ነገር ብቻ ይዞ ስም መስጠት ያሳስታል። አገራችን ውስጥ መጀመሪያ ኦልፒዲየም ቪሲዬ ነው ተባለ። ብዙ ጽሑፍ በዚያ ስም ወጣ። በኋላ ዲኤንኤውን ያዩ ተመራማሪዎች ፊዞደርማ ቪሲዬ ነው አሉ። «ስም ቢቀየር ለገበሬው ምኑ ነው?» የሚል አይጠፋም። ስሙ ሲቀየር ግን ዘመዱ ይቀየራል። አፈር ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ በምን እንደሚሻገር፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበት የምትገምተው ከዘመዶቹ ተነሥተህ ነው። አባትህ «የጎረቤቴ ለምን ቀለለለት» ያሉትም ለእኔ የቴሲስ ርዕስ ነው። ውኃው ከየት ወደ የት ይፈስሳል? ገለባው የት ተከመረ? ዘሩ የማን ነው? ፍጉ ከየት መጣ? አራቱንም መለካት ይቻላል።

እኔ የስንዴ ዋግ ላይ ነው የምሠራው። የሥራዬን አንድ ቀን ልንገርህ። ከማሳ ዋግ የያዘ የስንዴ ግንድ ይመጣል። ብናኙን በቀላሉ በሚጠቃ ስንዴ ቡቃያ ላይ ታራባዋለህ። ቀጥሎ እያንዳንዳቸው የታወቀ የመከላከያ ዘረመል በያዙ 20 የስንዴ ዓይነቶች (መስመሮች እንላቸዋለን) ላይ ትረጨዋለህ። 14 ቀን ትጠብቃለህ። ከዚያ እያንዳንዱን ቅጠል ከ0 እስከ 4 ነጥብ ትሰጠዋለህ። መስመሮቹ አራት አራት ሆነው በአምስት ቡድን ይመደባሉ። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ፊደል። ስለዚህ የግንድ ዋግ ዝርያ ስም አምስት ፊደል ነው። ዩጂ99 ተብሎ የሚታወቀው ቲቲኬኤስኬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ዩጋንዳ ውስጥ ታየ። ኤስአር31 የሚባለውን ዘረመል ጥሶ ወጣ። ያ ዘረመል በብዙ አገር ስንዴ ውስጥ ስለነበረ ነው ዓለም የደነገጠው።

ቀልቤን የያዘው ግን የእኛው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ተነሣና ኩብሳ የሚባለውን የስንዴ ዝርያ ደመሰሰው። ያን ጊዜ ኩብሳ በየማሳው ነበር። ገበሬው ደነገጠና ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲገሉ ወደሚባል ሌላ ዝርያ ዞረ። እውነትም ቢጫ ዋጉን ቻለ። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ቲኬቲቲኤፍ የሚባል የግንድ ዋግ ዝርያ ባሌና አርሲ ላይ ዲገሉን አወደመው። አንዱን በር ዘግተን ሌላው ክፍት ነበር። ዩጂ99ን ስንጠብቅ የመጣው ከዚያ ቤተሰብ ያልሆነ ሌላ ነው።

ይህን ሁሉ የምነግርህ የዕፅዋት በሽታ ማለት መድኃኒት መርጨት ብቻ እንዳይመስልህ ነው። ከሚለወጥ ነገር ጋር አብሮ መራመድ ነው። ለዚህ ደግሞ በየወረዳው የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል። አዴት ምርምር ማዕከል ያሉ ሰዎች ብቻቸውን ጎጃምን ሁሉ አያዳርሱም።

የፋግታው (መስከረም 16፣ ጠዋት)

እኔ አልተማርሁም፣ አስረኛ ላይ ነው ያቋረጥሁት። ግን አንድ ነገር ልበል።

ፋግታ ለኮማ ላይ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክለን ሰው ሆነን ነበር። ችግኙን ከጤፍ ጋር በአንድ ማሳ ታስገባዋለህ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ጤፍ ታነሣለህ፣ ከዚያ በአራት በአምስት ዓመት ቆርጠህ ከሰል ታከስላለህ። ቆርቆሮ ቤት የሠራነው፣ ልጅ ያስተማርነው በዚያ ነው። አሲድ የበላው መሬት እንኳ ተመልሶ እህል ይሰጥ ጀመረ። ከዚያ በሽታው መጣ። ቅጠሉ ላይ ቡናማ ዱቄት ያለ ነገር ነው። ደኑ ሁሉ እንደ ተቃጠለ ሆነ። ችግኙ ገና ሳይነሣ ይደርቃል። ያን ጊዜ «ይኸ ምንድን ነው?» ብለን የምንጠይቀው ሰው አጣን። አንዱ ብርድ ነው ይላል። አንዱ የእግዜር ቁጣ ነው ይላል። አንዱ መድኃኒት ነው ብሎ ያልሆነ ነገር ሸጠልን። ባለሙያዎች መጥተው ዋግ ነው እስኪሉን ድረስ ስንት ሰው ከሰረ።

ወንድሜ ተማር። ለኛም ተማር።

ዋግ ተከታታይ (መስከረም 16፣ ጠዋት)

የፋግታው፣ እግዜር ይስጥልን። ያ ዋግ ኡሮሚክላዲየም ከሚባለው ወገን ነው። ዛፉም ዋጉም መነሻቸው አውስትራሊያ ነው። ዛፉ ቀድሞ መጣ፣ ጠላቱ ዘግይቶ ተከተለው። እዚያ አገር ግን ዛፉ ከሌላ ዛፍ ጋር ተደባልቆ ነው የሚኖረው። እኛ አንድ ዓይነት ብቻ፣ ማሳ ከማሳ አያይዘን ስለተከልን ለዋጉ መንገድ ጠረግንለት። የእናንተ ጥፋት አይደለም። አስቀድሞ መንገር የነበረብን እኛ ነን።

ከኢታካ (መስከረም 16፣ ሌሊት)

የጎጃም ልጆች እንደምን አላችሁ። እኔ የቡሬ ልጅ ነኝ። አሁን አሜሪካ ነኝ፣ ኒውዮርክ ግዛት ኢታካ ውስጥ፣ ኮርኔል። ፒኤችዲ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ስለ ውጭው ያለውን እኔ ልናገር።

እዚህ የክፍሉ ስም የዕፅዋት በሽታና የዕፅዋትና ተሕዋስያን ባዮሎጂ ነው። መጀመሪያ ስሙ ለምን እንዲህ ረዘመ ብዬ ነበር። አሁን ገብቶኛል። ተክል የሚገናኘው ከጠላት ጋር ብቻ አይደለም። ባቄላችሁን ነቅላችሁ ሥሩን እዩት። ትናንሽ እብጠቶች አሉ። ስትሰነጥቁት ውስጡ ቀላ ካለ በውስጡ ያሉት ራይዞቢየም ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን እየያዙ ለባቄላው እየሰጡ ነው። ከላይ ቅጠሉን ቆርምድ ያሳብጠዋል፤ ከታች ሥሩን ራይዞቢየም ያሳብጠዋል። አንዱ ይገድላል፣ አንዱ ያበላል። ተክሉ ሁለቱን በምን ይለያቸዋል? እኔን እዚህ ያመጣኝ ጥያቄ ይህ ነው።

መልሱ ያስደንቃል። የፈንገስ ገላ የተሠራበት ካይቲን የሚባል ነገር አለ። ተክሉ ቁራጩን ሲያገኝ ጠላት መጣ ብሎ ይነሣል። ራይዞቢየም ለተክሉ የሚልከው ምልክት ደግሞ መሠረቱ ከዚያው ከካይቲን ጋር አንድ ነው። ትንሽ ስብ ተጨምሮበታል። ተክሉ የሚቀበላቸውም በሚመሳሰሉ በረኞች ነው። በዚያች ትንሽ ልዩነት አንዱን ይዋጋል፣ ለሌላው በር ይከፍታል። ይህን ያነበብሁ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሌላም አለ። ለእያንዳንዱ የተክል መከላከያ ዘረመል በበሽታው በኩል የሚገናኘው አንድ ዘረመል አለ የሚለውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ያረጋገጠው ፍሎር የሚባል አሜሪካዊ ነው። በምን ላይ ሠርቶ መሰላችሁ? በተልባ! እናቶቻችን የሚቆሉት ተልባና የተልባ ዋግ ላይ። ዋግ ተከታታይ የሚሠራባቸው 20 መስመሮችም ከዚያ ሐሳብ ነው የመጡት።

አሁን ወደ ማመልከቻው። የስናን ልጅ፣ እነዚህን ያዝ።

አሜሪካ ውስጥ ማስተርስ ከፒኤችዲ ይልቅ ገንዘብ ለማግኘት ይከብዳል። ፒኤችዲ ግን አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ክፍያው ተሸፍኖ የወር አበልም ይከፈልሃል፣ ለዚያም ምርምር ትሠራለህ ወይ ታስተምራለህ። ማስተርስ ሳይኖርህ ከዲግሪ ቀጥታ ማመልከትም ይቻላል። አምስት ዓመት ገደማ ይወስዳል። ማመልከቻው ብዙ ቦታ በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ ይዘጋል፣ ትምህርቱ ነሐሴ ላይ ይጀምራል። ጂአርኢ የሚባለውን ፈተና ብዙዎቹ ትተውታል። የእንግሊዝኛ ፈተና ግን አለ። የማመልከቻ ክፍያ ካቃተህ ጠይቅ። የሚያነሡ አሉ፣ አያሳፍርም።

ለፕሮፌሰር ስትጽፍ «የተከበሩ ሆይ፣ ሥራዎ ያስደንቀኛል» ብለህ አትጀምር። በቀን ብዙ እንዲህ ያለ ይደርሳቸዋል። የአባትህን ማሳ ጻፍላቸው። ምን አየህ፣ መቼ አየህ፣ ጎረቤቱ ለምን ቀለለለት፣ አንተ ምን ትገምታለህ። ከዚያ የእሳቸው የትኛው ሥራ ከዚህ ጋር እንደሚገናኝ በሁለት ዓረፍተ ነገር። እኔ ለ23 ሰው ጻፍሁ። አራቱ መለሱልኝ። አንዷ ተቀበለችኝ። የተቀበለችኝ ስለ ቡሬ በርበሬ በጻፍሁት አንድ አንቀጽ ነው። ራሷ ነግራኛለች።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ናሙና በሻንጣ ይዘህ እንዳትመጣ። ከአገር ለማውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ እዚህ ለማስገባትም ሌላ ፈቃድ። በዲከረንስ ላይ የደረሰው ነገር እንዳይደገም ነው።

ብርዱንና ናፍቆቱን አልዋሽህም፣ ከባድ ነው። በጥር ፀሐይ ሳታይ ሳምንት ያልፋል።

ደጀን ሜዳ (መስከረም 17፣ ጠዋት)

ሁላችሁንም አነበብሁ። የፋግታውን ሳነብ የጻፍሁት ነገር ከነከነኝ። እኔም ቤተሰቤ ስንዴ ነው የሚያመርተው። ኩብሳ ያለቀበትን ዓመት አስታውሳለሁ፣ ትምህርት ቤት የምሄድበት ጫማ ያልተገዛበት ዓመት ነው። ምክንያቱን ዛሬ ገና አወቅሁ።

ወንድሜ፣ ገንዘቡን በደንብ አስላ እንጂ ተው አላልሁህም።

ጡረተኛው ከደንበጫ (መስከረም 17፣ ማታ)

ልጆቼ፣ 31 ዓመት በግብርና ሠርቻለሁ። ዕድሜዬ ስለገፋ አጭር እጽፋለሁ።

የቡሬው ልጅ ስለ ሥር የጻፈውን ሳነብ ግብጦ ትዝ አለኝ። ግብጦን ሁሉም ሰው የአረቄና የድኻ እህል እያለ ይንቀዋል። መራራውን ለማውጣት በወራጅ ውኃ ቀናት መዘፍዘፍ አለበት፣ ለዚያ ነው። ነገር ግን በአሲድ በተጎዳ መሬት ላይ ባቄላ አልበቅል ሲል ግብጦ ይበቅላል። ሥሩን ብትነቅሉት እብጠት አለው። ከሌሎች ብዙ ሰብሎች በተለየ ማይኮራይዛ ከሚባለው፣ ሥር ላይ ኖሮ ፎስፈረስ ከሚያቀብል ፈንገስ ጋር አይወዳጅም፣ ፎስፈረሱን የሚያገኘው በራሱ ሥር ላይ ጥቅጥቅ ያለ የትናንሽ ሥሮች ዘለላ ሠርቶ ነው። እኔ በወጣትነቴ ይህን የሚነግረኝ አጥቼ ገበሬውን «ግብጦ ተዉ» ብያለሁ። ዛሬም ይቆጨኛል።

የስናን ልጅ፣ የዚህ አገር ማስተርስ መግቢያ ብሔራዊ ፈተና አለው፣ አሁን ጀምረህ ተዘጋጅ። ሐረማያም ብትሄድ በዕፅዋት በሽታ የቆየ ትምህርት ቤት ነው። የትም ሂድ፣ ርዕስህን ግን ከስናን አታውጣው። ውጭ አገር ባለው ላብ ያማረ ማሽን ስታይ ባቄላውን እንዳትረሳው።

የስናን ልጅ (መስከረም 19፣ ማታ)

ጋሼ፣ እህቴ፣ ወንድሞቼ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ቅዳሜ ስለነበር ቤት ሄድሁ። ከአባቴ ጋር ሁለቱንም ማሳ ዞርን፣ የእኛንና የጎረቤታችንን። ለመጀመሪያ ጊዜ ማስታወሻ ደብተር ይዤ ነው የዞርሁት። አንድ ነገር አገኘን። የእኛ ማሳ ከታች ነው። ከላይ ያለው ሰው አምና ባቄላ ወቅቶ ገለባውን ቦዩ ዳር ከምሮታል። ክረምት ላይ ውኃው በዚያ በኩል አልፎ ወደ እኛ ነው የሚወርደው። የጎረቤታችን ማሳ ከቦዩ ማዶ ነው። ምክንያቱ ይህ ነው አልልም፣ ገና ነኝ። አባቴ ግን ቆም ብሎ ሽቅብ አየና «አሃ» አለ።

የዚህን ዓመት ፈተና እወስዳለሁ። ለውጭውም እጽፋለሁ። እስከዚያው የማሳውን ካርታ እየሣልሁ ነው። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የታመመውን ቅጠል ለኋላ ማቆየት ብፈልግ እንዴት ላድርግ? ጣቢያችን ፍሪጅ የለውም።

ዘንዘልማ (መስከረም 19፣ ማታ)

ፍሪጅ አያስፈልግህም። ፌስታል ውስጥ ብቻ እንዳታስገባው፣ ይሻግታል። ቅጠሉን በጋዜጣ መሐል ዘርግተህ ከባድ ነገር ጫንበት። ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይር። ሲደርቅ ወረቀት ፖስታ ውስጥ ክተተው። በላዩ ላይ ቀኑን፣ የማሳውን ቦታ፣ የዘሩን ዓይነትና የባለቤቱን ፈቃድ ጻፍ። በእርሳስ ጻፍ፣ እስክሪብቶ እርጥበት ሲነካው ይጠፋል። ከጤነኛውም ቅጠል ሁለት ሦስት ውሰድ፣ የጎረቤትህንም ጨምር። እኔ መጀመሪያ ላይ የታመመውን ብቻ ሰብስቤ የማወዳድርበት አጥቼ ተቸግሬያለሁ።